ሳይነበብ የሚሸጥ ደብዳቤ



በዚህ መጽሔት ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ትዳርና ስለ ዕውቀት ብዙ አንብባችኋል። ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ግን ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ስለ አሮጌ ደብዳቤ ነው። ከመቶ ሠላሳና ከመቶ አርባ ዓመታት በፊት በግመልና በበቅሎ ከሐረር ወደ ዘይላና ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ኤደን ይሄድ ስለነበረው ደብዳቤ። ይህን የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው፤ ዳጎስ ያለ ገንዘብም ይከፍሉበታል። እኔም በአቅሜ ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ነኝ።

«ታዲያ ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚመለከተን ደብዳቤዎቹ የእኛው ስለሆኑ ነው። በዐረብኛ የተጻፉ፣ በቢስሚላህ የሚጀምሩ፣ ነጋዴ ለወንድሙ፣ ደረሳ ለሼኹ፣ አባት ለልጁ የላካቸው ናቸው። የሚገኙትም በአውሮፓ ጨረታ ቤቶች ብቻ አይደለም። ከሐረር፣ ከድሬዳዋና ከጅጅጋ መጥተው ዘመናቸውን መርካቶ የኖሩ፣ ኋላም ወደ ገርጂ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ ቦሌ አራብሳና ወደ ቦሌ ሚካኤል የተበተኑ ቤተሰቦች ዘንድ አልጋ ሥር ባለ ሳንዱቅ ውስጥ ይገኛሉ። ሰፊ ግቢ ለቆ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያራግፈው ሳንዱቁን ነው።

እኔ መምህር ነኝ። በሳምንቱ ቀናት ገርጂ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ በሠፈራችን መድረሳ ልጆች አስቀራለሁ። ሁለቱን ትምህርት ጎን ለጎን መማሬ በሌላው ነገር ምን ያህል እንደጠቀመኝ አላውቅም፤ በዚህ ነገር ግን ጠቅሞኛል። ስለ ቴምብር የሚያውቁ ሰዎች ፖስታው ላይ ያለውን ዐረብኛ አያነቡም። ዐረብኛውን የሚያነቡ ሼኾቻችን ደግሞ ለቴምብሩና ለማህተሙ ደንታ የላቸውም። በዚህ መሀል ደብዳቤው ይጠፋል።

ደብዳቤ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ለማንም አልነግርም። ሁድሁድ የነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ደብዳቤ ለሰበእ ንግሥት ማድረሱን ሱረቱ አን-ነምልን የቀራ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለነገሥታት ሊጽፉ በፈለጉ ጊዜ ነገሥታት ማህተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማያነቡ ስለተነገራቸው የብር ቀለበት አሠርተው በእርሱ አትመዋል። ለነጃሺ የተጻፈውን ይዞ ወደ ሐበሻ የመጣው ዐምር ኢብን ኡመያ አድ-ደምሪ እንደነበረም ተዘግቧል። የመልእክተኛውን ስም ሳይቀር ጠብቆ ያቆየ ኡመት ልጆች ሆነን የአያቶቻችንን ወረቀት ለቆራሌው በኪሎ ስንሰጥ ማየት ያሳዝናል።

እስቲ መንገዱን ላስታውሳችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሐረር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በዘይላ በኩል ወደ ኤደን ይወርድ ነበር፤ ጨርቁ፣ ሩዙና ተምሩ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ግመሉ የሚጓዘው በዘይላና በገልዴሳ መካከል ነው። ከገልዴሳ ወደ ሐረር ያለው ዳገት ለግመል ስለማይመች ጭነቱ ወደ አህያና ወደ በቅሎ ይዛወራል። በረሃውን የሚያቋርጥ ነጋዴ ከዚያው ከአካባቢው ጎሣ የሆነ፣ ለሕይወቱና ለንብረቱ ዋስ የሚሆነው «አባን» ይይዛል። ደብዳቤው ከቡናው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወጣል። ቴምብር የለው፣ ፖስታ ቤት የለው፣ የሚያደርሰው የሰው አማና ብቻ ነበር።

ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1880 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር የምጽፈው ለአያያዝ እንዲመች ነው) መጨረሻ ላይ ሐረር ሲደርስ ከዘይላ 20 ቀን በፈረስ መጓዙን ለቤተሰቡ ጽፏል። ራምቦ ሐረር ሆኖ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬ በፈረንሳይ እንደ ወርቅ ይታያሉ፤ ታትመዋል፤ ሊቃውንት ይመራመሩባቸዋል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንገድ የወረደው የሐረሪው ነጋዴ ደብዳቤስ የት አለ? ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩበንሰን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ደብዳቤዎችና ውሎች ሰብስቦ ከ1987 ጀምሮ ባሳተማቸው ቅጾች ውስጥ በዐረብኛ የተጻፉት ጥቂት አይደሉም። እነዚያ ግን የነገሥታትና የመሳፍንት ናቸው። የነጋዴውንና የደረሳውን የሚያሳትም ሰው እስኪመጣ ድረስ የሚጠብቃቸው ያው ሳንዱቁ ነው።

ቴምብር የመጣው ዘግይቶ ነው። ግብፆች ሐረርን በ1875 ይዘው በ1885 ለቀቁ። አፄ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው በ1887 ሐረርን ያዙ። በ1894 ደግሞ ስዊዙ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ ከንጉሠ ነገሥቱ ባገኙት ፈቃድ የፖስታ ሥራ ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ሥዕል የቀረፀው ኦዤን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን የታተሙትም ፓሪስ ነው። ሰባት ዓይነት ነበሩ። ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ግርሽ የምኒልክ መልክ አለባቸው፤ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ አንበሳ አለባቸው። 16 ግርሽ አንድ ጠገራ ብር ማለት ነው። ጥቁሯን የ16 ግርሽ ቴምብር ለመለጠፍ ሰው አንድ ሙሉ ጠገራ ብር ይከፍል ነበር ማለት ነው፤ ያን ያህል የሚያስከፍል ምን ዓይነት ጥቅል እንደላከ አላህ ይወቀው።

በእነዚህ ቴምብሮች ላይ ያለው ጽሑፍ አማርኛ ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ኅዳር ወር ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ከሐረር ወደ ኤደን የሚላክ ደብዳቤ የምኒልክን ቴምብር ብቻ ለጥፎ ከባሕሩ ማዶ አይደርስም፤ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳዮቹ የሶማሌ ጠረፍ ቴምብር ይጨመርበታል። ሰብሳቢዎች የሚንገበገቡለት ይህ ነው፤ የሁለት አገር ቴምብርና የሁለት አገር ማህተም በአንድ ፖስታ ላይ። በ1901 በቴምብሮቹ ላይ የአገሪቱ ስም በላቲን ፊደል ታተመ፤ በ1902 ደግሞ «ቦስታ» የሚል የአማርኛ ቃል ታተመባቸው። ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ «ቦስታ» ሲሉ ልጆች ይስቃሉ። ዐረብኛ «ፐ» የሚል ድምፅ ስለሌለው ዐረቦችም የሚሉት በ«በ» ነው። ሽማግሌዎቹ መንግሥት በቴምብር ላይ ያተመውን ነው የሚናገሩት።

አሁን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የምኒልክ ቴምብር ራሱ ብርቅ አይደለም። በዚያን ጊዜ በብዛት ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች ስለተሸጠ፣ ምንም ደብዳቤ ያልተላከበት ንጹሕ ቴምብር ዛሬም በቀላሉ ይገኛል። ከላዩ የታተመበት የሚባለው ደግሞ አብዛኛው የሐሰት ነው፤ አስመስሎ የሚያትም ሞልቷል። ብርቁ ነገር በእውነት የተጓዘው ነው። ሰው ለሰው የጻፈው፣ ግመል የተሸከመው፣ ማህተም የተመታበት፣ አድራሻ ያለበት ሙሉ ፖስታ። ቴምብሩን ከፖስታው ላይ የቆረጠ ወይም በውኃ ነክሮ የላጠ ሰው ብርቁን ጥሎ ተራውን ያነሣል። በቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ በ1975 የተከፈተውን የፖስታ ሙዚየም ለተማሪዎቼ የማነሣላቸው ለዚሁ ነው።

ቆራሌውን ካነሣሁ አይቀር የሩቅ አገር ታሪክ ልንገራችሁ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ ሀዋይ ላይ፣ በ1851 የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ወጡ። በመርከብ ከደሴት ደሴት፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ደብዳቤ የሚልኩት በአብዛኛው የክርስትና ሰባኪዎች ስለነበሩ ቴምብሮቹ በእነርሱ ስም ይጠራሉ። ከእነርሱ ሁሉ ትንሿ፣ የ2 ሳንቲሟ፣ በሙሉ ፖስታ ላይ ተለጥፋ የተረፈችው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በ1852 ከሆኖሉሉ ወደ ኒውዮርክ የተላከ ፖስታ ነው። ይህ ፖስታ ከሌሎች አሮጌ ወረቀቶች ጋር ታስሮ እንዲቃጠል የፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ተጣለ። ወረቀቱ ከመጠን በላይ ስለታጨቀ እሳቱ ታፍኖ ጠፋ። ፋብሪካው ተዘግቶ ቆይቶ ከ30 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ምድጃው ሲከፈት ፖስታው አንድ ጎኑ ተለብልቦ ተገኘ። በ1995 ጨረታ ላይ ከ2 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጠ። ይህን የምነግራችሁ በገንዘቡ እንድትጎመጁ አይደለም። እሳቱ ባይታፈን ኖሮ ማንም ምን እንደጠፋ እንኳ አያውቅም ነበር። በእኛ ሠፈር በየቀኑ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ልጅ ጆንያ ውስጥ ምን እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው ወይስ እናንተ?

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ረመዷን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ መድረሳ የማስቀራት የአንድ ልጅ አባት ከዐስር ሶላት በኋላ ጠራኝ። «ኡስታዝ፣ እናቴ ዘንድ የአያቶቻችን ወረቀት አለ። ዐረብኛ ነው፤ ማንበብ የሚችል የለንም። አንድ ሰው ቴምብሩን ሊገዛ መጥቶ ነበር። እስቲ መጥተህ እየው» አለኝ። በማግሥቱ ቦሌ አራብሳ ሄድኩ።

ሐጂያ (ስማቸውን አልጠቅስም) ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ሐረር ተወልደው መርካቶ ያረጁ እናት ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሳንዱቁ ብቻ ሩቡን ክፍል ይዟል። ሆጃ አስቀድተው ሳንዱቁን አስከፈቱልኝ። ከሽሮ ሜዳ ነጠላና ከሠርግ ልብስ ሥር በጨርቅ የታሰሩ ዐሥራ አራት የታጠፉ ወረቀቶች፣ ከእነርሱም ጋር አንድ ፖስታ ወጣ።

ፖስታውን ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ሰማያዊዋ የአንድ ግርሽ የምኒልክ ቴምብር፣ ከጎኗ የጅቡቲ ቴምብር፣ በላያቸው የሐረርና የጅቡቲ ማህተም፣ አድራሻው በፈረንሳይኛና በዐረብኛ፤ ኤደን። እንዲህ ያለውን በመጽሐፍ እንጂ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ቀደም ብሎ የመጣው ሰውዬ «ቴምብሯን ብቻ ቆርጬ ልውሰድና 3 ሺህ ብር ልስጣችሁ፤ ሌላው ወረቀት ለእኔ አይጠቅመኝም» ብሏቸው ነበር። ሐጂያ የከለከሉት ለታሪክ ብለው ሳይሆን መቀስ ሲያወጣ ስላልወደዱት ነው።

«አንተስ ስንት ትሰጣለህ?» አሉኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። የሰብሳቢ ትርፍ ከየት ይመጣል? ከሻጩ አለማወቅ ነው። ይህን ሰብሳቢዎች ሁሉ ያውቁታል፤ በግልጽ ግን አይናገሩትም። «አንዲት አሮጊት ቤት በትንሽ ብር አገኘሁት» ብሎ የሚኩራራ ሰብሳቢ ስንቱን ሰምቻለሁ! እንደ ጀብዱ ነው የሚወራው። እኔ በዚያች ቅጽበት 5 ሺህ ብር ብል ሐጂያ መርቀው ይሰጡኝ ነበር፤ ልጃቸውም ያመሰግነኝ ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

ነገር ግን ልጆችን በማስቀራበት የፊቅህ ኪታብ ውስጥ የምናልፈው አንድ ምዕራፍ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ መንገደኞችን ገበያ ሳይደርሱና የዕለቱን ዋጋ ሳያውቁ ከከተማው ውጭ ወጥቶ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል። ሳላብራራው አልፌ አላውቅም። ልጆቹ «ኡስታዝ፣ ዛሬ ቅፍለት የለም፤ ይህ ለምን ይጠቅመናል?» ይሉኛል። ይኸውላችሁ ቅፍለቱ! ከሐረር ተነሥቶ፣ መርካቶ አድሮ፣ ቦሌ አራብሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርሷል። ገበያውን የማያውቁት ሐጂያ ናቸው፤ ገበያውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ ጠብቄ የተቀበልኳቸውም እኔው ነኝ።

ስለዚህ «ሐጂያ፣ ይህን እኔ ልገዛው አልችልም። ዋጋው የብዙ ወር ደሞዜ ነው። ቴምብሩን ማንም እንዳይቆርጠው፤ ከተቆረጠ ዋጋውን ያጣል። ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ ሁሉንም ልንገራችሁ፤ ምን እንደሚል ልወቅላችሁ» አልኳቸው።

እውነት መናገር ሁልጊዜ ነገሩን ያቀልላል ብላችሁ እንዳታስቡ። እኔ ዋጋውን ስናገር የልጃቸው ፊት ተለወጠ። የቤቱ የባንክ ክፍያ ሦስት ወር ተዝሎበታል። ቀደም ሲል 3 ሺህ ብር ሲባል ለመሸጥም ላለመሸጥም ግድ አልነበረውም። አሁን ግን «እንግዲያው ይሸጣ! ለምን ሳንዱቅ ውስጥ ይበሰብሳል?» አለ። ዝም ብል ኖሮ ፖስታው ምናልባት እዚያው ይቆይ ነበር። ሰውየውን አልፈረድኩበትም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ንብረቱም የእነርሱ እንጂ የእኔ አይደለም። የነገርኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ስለሆነ በቦሌ በኩል በሻንጣ ይዞ ለሚወጣ ሰው እንዳይሸጥ። ሁለተኛው፣ ሳይነበብ እንዳይሸጥ።

ማንበብ የጀመርነው በዚያው ቅዳሜ ነው። የነጋዴ እጅ ጽሕፈት እንደ ኪታብ ጽሕፈት ጥሩ አይደለም። ነጥቦቹ የሉም፤ ቃላቱ ተያይዘዋል፤ አልፎ አልፎ የሐረሪ ቃል በዐረብኛ ፊደል ጣል ይደረግበታል። የሐረሪውን ሐጂያ እየፈቱልኝ፣ ያቃተኝን ዐረብኛ ለአንድ ሼኽ እየወሰድኩ ነው ያነበብነው።

የመጀመሪያው ወረቀት ፖስታ የሌለው፣ ራሱ ታጥፎ የታሸገ ነው። ከውጭ የተቀባዩ ስምና «ዘይላ» ከሚለው ሥር 8642 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ልጁ የስልክ ቁጥር መስሎት ሳቀ። ይህ ቁጥር በዚያን ዘመን በዐረብ አገሮችና በባሕሩ ዙሪያ በነበሩ ደብዳቤዎች ላይ ይጻፍ የነበረ፣ ደብዳቤውን በሰላም ያደርሳል ተብሎ የሚታመንበት ምልክት ነው። በሸሪዓችን መሠረት የሌለው ነገር እንደሆነ ለልጁ ነገርኩት፤ ከመንገድ ሽፍታና ከውኃ ጥም የሚጠብቅ አላህ እንጂ ቁጥር አይደለም። ቢሆንም ቁጥሩን ሳይ የጸሐፊውን ስጋት አየሁበት። ይህ ወረቀት ላይደርስ እንደሚችል ያውቃል።

ከውስጥ ረጀብ 1302 ሂጅራ ይላል። ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለውጠው ሚያዝያና ግንቦት 1885 ሆነ፤ ግብፆች ሐረርን የለቀቁበት ወቅት! ታሪክ አስተማሪ ነኝና ስለዚያ ሰሞን መጻሕፍት የሚሉትን አውቃለሁ፤ ስለ ጦሩ መውጣት፣ ስለ አሚር ዐብዱላሂ መሾም። ነጋዴው ግን ለወንድሙ የሚጽፈው ሌላ ነው። ሰላምታው ግማሽ ገጽ ነው፤ የዘመድ ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ከዚያ ዐስከሮቹ እየሄዱ ስለሆነ መንገዱ እስኪረጋ ድረስ ጨርቅ እንዳይልክ፣ የወረደውን ቡና ፈረሱላ ቆጥሮ እንዲረከብ ይነግረዋል። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይላል። የሟች ወንድማቸው ልጅ፣ የየቲሟ፣ 40 ሪያል (ጠገራ ብሩን ዐረቦች እንዲህ ነበር የሚጠሩት) በእጁ እንዳለ፣ ንግዱ ቢከስርም ባይከስርም እንዳይነካው፣ እስክታገባ እንዲጠብቀው። የልጅቷንም ስም ይጠራል።

ስሟን ሳነብ ሐጂያ የያዙትን ስኒ አስቀመጡ። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። «አያቴ ናት» አሉ፤ «የእናቴ እናት። የቲም ሆና እንዳደገች ሰምቻለሁ። አጎቶቿ በደሏት ሲባል ነው የሰማሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ነው የሰማሁት።»

ገንዘቡ ይድረሳት አይድረሳት ከዚያ ወረቀት አይታወቅም። ሐጂያ ግን ያን ዕለት ማታ ለልጆቻቸው ሁሉ ስልክ አስደወሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ዐሥራ አራቱ ወረቀቶች እንደማይሸጡ ሐጂያ ወሰኑ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ስለ ፖስታው ግን እናትና ልጅ ወር ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ እዚሁ አዲስ አበባ የሚኖር ገዢ ተገኘ። ከመጀመሪያው ሰውዬ ዋጋ ከዐሥር እጥፍ በላይ ሊከፍል ተስማማ። ርክክቡ ላይ ሐጂያ ፖስታውን ከፈቱና ውስጡ ያለውን ደብዳቤ አውጥተው ጉያቸው ከተቱ። «ልባሱን ነው የሸጥኩልህ፤ ነገሩን አልሸጥኩልህም» አሉት። ገዢው አንገራገረ፤ ሰብሳቢ ውስጡንም ይፈልጋልና። ትንሽ ገንዘብ ቀነሰ፤ እርሳቸውም ቀንሱ አሉት። የባንኩ ውዝፍ ተከፈለ። እኔ ለክምችቴ ያገኘሁት የፖስታውን ፎቶግራፍ ነው፤ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ የማሳያቸውም እርሱን ነው። ልቤ እዚያ ፖስታ ላይ እንደቀረ አልደብቅም፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በሕልሜ አይቼዋለሁ።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ ካላችሁ ሐጂያ ቤት ያደረግነውን ብነግራችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል። ወረቀቶቹን ፕላስተር አላልንባቸውም፤ ፕላስተር ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ ቀለሙንም ይዞ ይነሣል። በፕላስቲክም አላስጠረዝናቸውም። እጥፋታቸውን በእርጋታ ፈትተን፣ ልጁ በመስኮት ብርሃን ሁለቱንም ገጽ በስልኩ አነሣቸው፤ ከውጭ ያለውን አድራሻና ምልክት ጭምር። ከዚያ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለን ከወለሉ ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ አኖርናቸው፤ ካምፎር ሳይሆን ማየትና ማናፈስ ነው ምስጥን የሚያርቀው። የሚያነብ ዘመድ ከሌላችሁ የሠፈራችሁን የመድረሳ ኡስታዝ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። ከቤት ማውጣት የግድ ከሆነባችሁም ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ወመዘክር፣ ሐረር ላይም አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤተሰቡ ያገኙትን ኪታብና ቅርስ ያኖሩበት ሙዚየም አለ።

እኔና ሐጂያ እስከ አሁን ዘጠኙን አንብበናል። ሁለቱን ምስጥ ስለበላቸው የሚነበበው ግማሹ ብቻ ነው። የልጅ ልጃቸው፣ መድረሳ የማስቀራው ልጅ፣ አሁን የሰላምታውን ክፍል ብቻውን ያነባል፤ ስሞቹ ጋ ሲደርስ ሐጂያ «ቀስ በል» ይሉታል፤ ማን ማን እንደሆነ በጣታቸው እየቆጠሩ ያስታውሳሉ። ለመጪው ቅዳሜ ያቆየነው ዐሥረኛው ከኤደን ወደ ሐረር የተመለሰ መልስ ይመስለኛል፤ ሌላ ሰው የጻፈው ነው፣ ቀለሙም ይለያል። ከጀርባው ባለው ሒሳብ ውስጥ 40 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ከጎኑ ያለውን ቃል ገና አልለየሁትም።